እድሩ በሙሉ ካልሲ የተባለበት ሳምንት

ማንም ሰው ገብቶ ሊጽፍበት ይችላል የሚባል የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ አለ። «ማንም» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። እኔም ማንም ነኝ ብዬ ገባሁ። ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ማውጣት፣ ካናዳ መጥቶ ወረቀት ማስጨረስ፣ አማት ፊት ቀርቦ ሚስት መጠየቅ፣ ሦስቱ ተደምረው እዚያ ያየሁትን ፍዳ ግማሹን አያክሉም።

ነገሩ የመጣው በጋሼ ነው። ጋሼ የእድራችን አባል ናቸው፤ እዚህ ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ ሠፈር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ ሳያወሩት የዋሉበት ቀን ስለሌለ ነው። ሰርግ ላይ ያወሩታል። ክርስትና ላይ ያወሩታል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ነፍስ ይማር» ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ «እሱ እንኳ እኔ ስጫወት ከፊት ወንበር ነበር የሚቀመጠው» ይላሉ። በእሳቸው ወሬ ከሄድን ከፊት ወንበር ያልተቀመጠ ሟች የለም፤ የዚያ ሆቴል የፊት ወንበር ተደርድሮ ከዚህ ሃሚልተን ከተማ ሳይደርስ አይቀርም።

ታዲያ ባለፈው በጋ የልጅ ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰችና ድግስ ተደገሰ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ስለ ሆቴሉ ጀመሩ። ልጅቷ ስልኳን አወጣች።

«አባባ፣ ሰርች አደረግኩህ። ናቲንግ። ፌመስ ሰው ፔጅ አለው። አንተ የለህም።»

ለተንኮል አልነበረም፤ የዛሬ ልጅ የሌለን ነገር የለም ማለት እውነት መናገር እንጂ ነውር አይመስለውም። ዙሪያውን የነበረው ሰው ግን ሳቀ። አንዱም የዶሮ ክንፉን እየጋጠ «ጋሼ እንግዲህ ትንሽ ጨመር ማድረግ ይወዳሉ» አለ። ጋሼ ሳህናቸውን አስቀመጡና ዝም አሉ። ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ ዝም ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አኮርዲዮን የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰው እርስ በርሱ መጠቃቀስ ያዘ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አይተዋቸዋል የተባሉት ሰዎች እንደሆነ ሞተዋል፤ የሚመሰክርላቸው የለም።

በሳምንቱ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ። የአንድ ኮንዶ መግቢያ ላይ ጠረጴዛና ኮምፒውተር ተሰጥቶኝ ነው የምውለው፤ ሴኪዩሪቲ ይሉኛል።

«አንተ ኮምፒውተር ላይ ተጥደህ አይደል የምትውለው?» አሉኝ።

«ሥራ ነው ጋሼ።»

«የምን ሥራ! በሩ ራሱ ነው የሚከፈተው፣ አሁን ሳልነካው ተከፈተልኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እዚያ ነገር ላይ አስገባኝ። ልጅቷ ‹አያቴ ውሸታም ነው› እያለች እንድታድግ አልፈልግም።»

«አድጋ ጨረሰች እኮ ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው።»

«እንግዲያው ‹ውሸታም ነበር› እያለች እንድታረጅ አልፈልግም።»

የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው ብዬ ቃል ገባሁላቸው። አማርኛው ክፍልም አለ፤ እሳቸው ግን የፈለጉት ልጅቷ የምታነበውን የእንግሊዝኛውን ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ለእኔ ምን ይሳነኛል? ተቀመጥኩና «ታላቁ፣ ዝነኛው፣ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት የአኮርዲዮን ንጉሥ» ብዬ ጀመርኩ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ጋሼ ሲጫወቱ ወፎች መስኮት ላይ እያረፉ ያዳምጡ እንደነበር አከልኩበት። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ግን ቦታው ወፍ የሚፈልግ መሰለኝ። ሲያልቅ ቁልፉን ተጫንኩና ሻይ ልቀዳ ሄድኩ።

ስመለስ ሻዩ ሳይበርድ መልእክት ደርሶኛል። የላከው በእውነተኛ ስሙ ፈንታ የእንቁራሪት ፎቶ የለጠፈ አራሚ ነው። እንቁራሪቱ «እንኳን ደህና መጡ! ስላደረጉት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን» ይላል። ደስ ብሎኝ ወረድ ስል፣ ንጉሡ የለም፣ ታላቁ የለም፣ ወፎቹም በረዋል። የቀረው «አኮርዲዮን ተጫዋች ነው» የሚል አንድ መስመር ብቻ። ሌላውን ሁሉ የጣዎስ ቃል ነው ብሎ ነቅሎ ጥሎታል፤ ጣዎስ ላባውን ዘርግቶ እንደሚንጎራደደው ሰውን በባዶ የሚነፋ ቃል ማለት ነው አሉ። እኔ ይህን ሕግ ያወጣው ሰው አንድ ቀን እድራችን መጥቶ ቢሰማ ደስ ይለኛል። እኛ ዘንድ መኪና የሚያቆም ሰው እንኳ ለሕዝብ ሲተዋወቅ ወንጌል ከማንበብ በላይ ጊዜ ይፈጃል። አንድን ሽማግሌ «አኮርዲዮን ተጫዋች ነው» ብለህ ብቻ ከተቀመጥክ፣ ምን አጥፍተው ነው ተብሎ ሽምግልና ይላካል።

እዚያ አገር «እናመሰግናለን» ማለት «አንገትህን አዘጋጅ» ማለት መሆኑንም ቀስ በቀስ ተማርኩ። እንቁራሪቱ አመስግኖኝ፣ ሰውየው ሆቴሉ ውስጥ መጫወታቸውን በምን አወቅህ አለኝ። ራሳቸው ነግረውኛል አልኩ። አመስግኖኝ፣ የራስ ምስክርነት አይቆጠርም አለ። ጥሩ፣ ሆቴሉ ውስጥ ባይሆንም እኔ ራሴ ሰርግ ላይ ሲጫወቱ በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። አመስግኖኝ፣ የራስህ ምርምር ነውና አይቆጠርም አለ። በዓይኑ ያየ ሰው ምስክር የማይሆንበት፣ ያላየው ሰው ግን ጋዜጣ ላይ ከጻፈው ምስክር የሚሆንበት ችሎት ስታዩ ምን ትላላችሁ? ይባስ ብሎ በመልሴ መጨረሻ ላይ አራት የማዕበል ምልክት (~~~~) እየጻፍኩ እንድፈርም አዘዘኝ። ያንን ረስቼ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብዬ በመፈረሜ ገጹን የሚጠብቅ ሮቦት ሳይቀር ተቆጣኝ። ሮቦት! ሚስቴ አነሰችኝ።

ከዚያ አንድ ቀን በትሕትና፣ «ከግለሰቡ ጋር ትውውቅ አለዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሞኙ አሁን ገና ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። «እንዴታ! ሰርጌ ላይ የተጫወቱት እሳቸው፣ ልጄን ክርስትና ያነሱት እሳቸው፣ በእድርም አብረን ነን» ብዬ ዘረገፍኩለት። ወዲያው ገጹ አናት ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ፤ ጸሐፊው ከባለታሪኩ ጋር የቅርብ ግንኙነት ያለው ይመስላል የሚል። ልክ ቤቱ ውስጥ የተስቦ በሽታ ገብቷል እንደተባለ። በአጭሩ፣ ስለ ጋሼ መጻፍ የሚፈቀድለት ጋሼን የማያውቅ ሰው ነው። ጋሼን የማያውቅ ሰው ደግሞ ስለ ጋሼ ለምን ይጽፋል? ይህን ጥያቄ አቀረብኩ፤ ተመሰገንኩ።

በመጨረሻም ገጹ ይሰረዝ ወይስ ይቆይ የሚል የሳምንት ውይይት ተከፈተበት። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ለእድሩ ሊቀመንበር መንገሬ። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ እኛ እትዬ እንላታለን፣ ባሏም እትዬ ነው የሚላት። እሑድ ዕለት ሴንት ጄምስ ታውን ሠፈር፣ አንዱ ፎቅ ሥር ያለው አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ሳለ ተነስታ ጠረጴዛውን መታችው።

«ጋሼን ሊሰርዟቸው ነው!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላ አንድ አባል «ከየት ነው የሚሰርዟቸው? ከጡረታ?» አለ።

«ከኢንተርኔት!»

«እሱ ይሻላል። ጡረታውን ካልነኩባቸው።»

«አንተ ዝም በል! ሁሉም ሰው ስልኩን ያውጣ። እዚሁ ቁጭ ብሎ ገብቶ ‹ይቆይ› ብሎ ይጻፍ። ያልጻፈ ለቅሶ እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣል!»

የእኛን እድር ለማያውቅ፣ ልጁ ሲወለድ ሆስፒታል ያልደረሰ ሰው የማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ሰዓቱን አክብሮ የሚገኘው ይህችን ቅጣት ፈርቶ ነው። ስልክ በስልክ ሆነ። እኔ የአዳራሹን ዋይፋይ ቁጥር እየጮህኩ፣ የሽማግሌዎቹን መነጽር እየፈለግኩ፣ አካውንት እየከፈትኩ ስዞር ዋልኩ። የውይይቱ ገጽ አናት ላይ በደማቁ «ይህ የድምፅ መስጫ አይደለም» የሚል ተጽፎ እንደነበር አልደብቃችሁም። እኔ ግን አገሬ ሳለሁ «ይህ ምርጫ ነው» ተብሎ የተጻፈበት ምርጫ ያልሆነ ነገር ስንቱን አይቻለሁ፤ ስለዚህ ይህንንም ገልብጬ አነበብኩት።

ምን ያልተጻፈ አለ! አብዛኛው «ይቆይ» አለ። አንዷ እናት ከአብርሃም ጀምረው መረቁ። አንዱ «የሚሰርዛቸው እጁ ይሰረዝ» አለ። ሌላው ደግሞ እጁ ስለለመደበት «ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፣ ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን» ብሎ ላከ።

እትዬ ከትከሻው በላይ አየችው። «አልሞቱም እኮ! ያውና ተቀምጠው!»

«ታዲያ ለምንድነው የተሰበሰብነው?»

ጋሼ ፊት ለፊት፣ ክራባት አስረው፣ እንደ ሐዘንተኛ መሐል ተቀምጠው የሰዉን ሰላምታ ይቀበላሉ። በኋላ ስልክ አቀብሉኝ አሉና በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉ፤ «እኔ ነኝ። ጎበዝ ነበርኩ። ይቆይ።» ከዚያ አዳራሽ የወጣነው ዋንጫ እንዳነሳ ቡድን ነው።

በማግስቱ ሥራ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍተው እንቁራሪቱ አመስግኖኛል። አንገቴን ያዝኩ። እድሩ በሙሉ፣ ከመራቂዋ እናት እስከ ጋሼ፣ ታግዷል። ምክንያቱ? ካልሲ ናችሁ። እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው እጁ ላይ ካልሲ አጥልቆ አፍ እንዳለው አሻንጉሊት እያንቀሳቀሰ ብዙ ሰው መስሎ ሲናገር፣ እነሱ የካልሲ አሻንጉሊት ይሉታል። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከዚያ ቀን በፊት አንድ ነገር ጽፈው የማያውቁ ሰዎች አንድ ቃል ስለጻፉ፣ ሁላችንም አንድ ሰው ነን ተብሎ ተፈረደብን። ያ ሰው እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን አንድ ሰው እንኳ ሆኜ ሳልሞላ፣ በአንድ ጀንበር እድር አከልኩ።

ለእትዬ ደወልኩላት።

«እኔ?» አለች። «ዕድሜዬን ሆስፒታል ያገለገልኩ ሴት፣ ካልሲ ነኝ?»

«አዎ እትዬ። እኔ ደግሞ እጁ ነኝ።»

«ማነው ይህን ያለው?»

«እንቁራሪት።»

ስልኩን ዘጋችብኝ። ይፈረድባታል? አንዳንዶቹ ደግሞ የቀለዱ መስሏቸው እስከ ዛሬ በስብሰባ ሲገናኙ «አንተ ግራው ነህ ቀኙ?» ይባባላሉ። ጋሼ ግን አልቀለዱም። «አሁንስ ልጅቷ ካልሲ አስመጥቶ ዋሸ ትላለች» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፤ የእግድ ማስታወቂያው ስማቸው ካለበት ገጽ ጋር ተያይዞ ለዓለም ሕዝብ ክፍት ሆኖ ተሰቅሏል። ድሮ ያልታወቁ ሰው ነበሩ፤ አሁን በአጭበርባሪነት ሊታወቁ ነው።

ስለዚህ ተዋረድኩ። አገር ቤት ቢሮ ለቢሮ የተማርኩትን የአቤቱታ አጻጻፍ አወጣሁና «ለክቡር እንቁራሪት፤ ጉዳዩ፦ ምሕረት ስለመጠየቅ» ብዬ፣ የታገደ ሰው በሚፈቀድለት በራሴ የመልእክት ገጽ ላይ ጻፍኩለት። እድር ምን እንደሆነ፣ ሰው ሲሞት እንዴት እንደምንሰበሰብ፣ ያልመጣ እንዴት እንደሚቀጣ፣ ካልሲ የተባሉት ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው እግር እንዳላቸው አስረዳሁ። አንድ ቀን ቆይቶ መልስ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ምስጋና አልነበረበትም። እግዱን አንስቶልኛል፤ ሁለተኛ ሰው ሰብስቤ እንዳልመጣ አስጠንቅቆ። ውይይቱም አንድ ሳምንት ይራዘምልሃል አለኝ። ከዚያም አዳራሽ ሙሉ ሰው ከምታመጣልኝ አንድ የጋዜጣ ገጽ አምጣልኝ፤ እዚያው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የድሮ የአዲስ አበባ ጋዜጦች በፊልም ተቀድተው ይገኛሉ፤ ሰውየው እውነት ተጫውተው ከሆነ የሆነ ሰው ጽፎ ይሆናል አለ። የእኔን አገር ጋዜጣ የት እንዳለ እንቁራሪት ይንገረኝ?

የዕረፍት ቀኔ ላይ ሄድኩ። ፊልሙን እንደ ክር ጠቅልለው አንድ ማሽን ላይ ያስገቡታል፤ መዘውሩን ስታዞረው ጋዜጣው በዓይንህ ፊት እንደ ባቡር ያልፋል። ከአብዮቱ በፊት ያሉትን ዓመታት እያዞርኩ የሳሙና ማስታወቂያ፣ የሹመት ዜና፣ እንደገና የሳሙና ማስታወቂያ ሳይ ጭንቅላቴ ዞረ፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ እየታጠበ ይሾም የነበረ ነው የሚመስለው። ላቆም ስል ስለ ምሽት መዝናኛ የሚያወራ አንድ ዓምድ አለፈ። መልሼ አዞርኩት። የሆቴሉ ስም አለ። የጋሼ ስም ከነአባታቸው አለ!

ማንበብ ጀመርኩ። ጸሐፊው ባንዱን አመስግኗል፣ ዘፋኟን አሞግሷል፣ ምግቡን ሳይቀር ወዶታል። ጋሼ ላይ ሲደርስ ግን እጅጌውን ሰበሰበ። አኮርዲዮናቸው በሩ አልዘጋ ብሎ የሚያቃስት አውቶቡስ ይመስላል ይላል። የሆቴሉ አስተዳደር ያንን ወናፍ ከሰውየው ላይ ወስዶ ወጥ ቤት ቢያስገባው ለከሰሉ ማራገቢያ ይጠቅማል ብሎም ይመክራል። በሌላ ጋዜጣ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ያው ጸሐፊ ሳይሆን ሌላ ሰው፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ አሁንም እንዳልተነሱና ተመልካቹ ግን የሠፈሩን ቦይ ሽታ እንደሚለምድ እንደለመዳቸው ጽፏል። ሳቄ አመለጠኝ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጥታ ደህና መሆኔን እስክትጠይቅ ድረስ።

የእንቁራሪቱ ሕግ የገባኝ ያኔ ነው። የሚወድህ ሰው ሁሉ ቅርብህ ነውና አይታመንም። ገለልተኛ ምንጭ ማለት የሚሰድብህ ሰው ነው። ያንን ሁሉ ገጽ ደንብ ከሚያስነብቡኝ ይህቺን ብቻ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት!

ጽሑፎቹን አስገልብጬ የዳንዳስ ስትሪትካር በሚሉት የከተማ ባቡር ሪጀንት ፓርክ ወረድኩ። ሳላሳያቸው ማስገባት አልቻልኩም፤ ስድቡ የእሳቸው ነው። ልጅቷም ቤት ነበረች፣ ላፕቶፗን ታቅፋ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም ወረቀት አነበቡ። ይደነግጣሉ ብዬ ስጠብቅ አጠፍ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«አውቀዋለሁ» አሉ። «ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ አንብቦታል።»

«ይህን ግን አውርተውልን አያውቁም።»

«ምኑን ላውራ?»

ልጅቷ ምን እንደሚል ንገረኝ አለች። ልዝለልላት አስቤ ነበር፤ ጋሼ «ሁሉንም ንገራት» አሉ። አውቶቡሱንም፣ ከሰሉንም፣ ቦዩንም ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ዌይት፣ ሶ እውነት እዚያ ነበርክ?»

«ነበርኩ እንጂ!»

«ኤንድ ዩ ወር ባድ?»

«ጋዜጣ ሁለት ጊዜ ጽፎብኛል! ያንቺን አባት አንድ ጊዜ ጽፎበታል?»

እንዲህ እየተባባሉ ሊዘነጉኝ ሲሉ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ይህን ካላስገባን ሳምንቱ ሲያልቅ ገጹ ይጠፋል። ካስገባን ደግሞ ስለ እርስዎ የሚነበበው ይኸው ብቻ ነው። ታላቁም የለ፣ ወፉም የለ።»

«የምን ወፍ?»

«ተዉት።»

አሰቡ። «እንግዲያው መልሴን አብረህ ጻፍልኝ። ያ አውቶቡስ ያለኝ ሰውዬ በነጻ ካልገባሁ ብሎ በር ላይ ተጣልቶን ነው በለው።»

«ምንጭ ያስፈልገዋል ጋሼ።»

«እኔ አለሁ አይደል!»

«እርስዎ አይቆጠሩም። ስለ እርስዎ ከዓለም ሕዝብ ሁሉ የማይጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

ለእንቁራሪቱ የሚሆን አንድ ስድብ ሰደቡ፤ አልጽፈውም፣ ምንጭ የለኝም። ከዚያ የአውቶቡሱን ወረቀት እንደገና ዘረጉና ከሥሩ ያለውን የጸሐፊ ስም በጣታቸው ያዙት።

«ይኼ ሰውዬስ?» አሉ ወደ ልጅቷ ዞረው። «እሱ እዚያ ነገር ላይ አለ?»

ልጅቷ ጻፈች። ፊደሉን እየለዋወጠች ደግማ ጻፈች። «ናቲንግ፣ አባባ።»

«ደህና አድርገሽ ፈልጊ እንጂ። ትልቅ ሰው ነበር፣ መኪና ነበረው።»

«አይም ቴሊንግ ዩ፣ የለም።»

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ደስታ ብዬ አልጠራውም፤ ከደስታ ከፋ ያለና ጣፋጭ ነበር።

«አስገባው» አሉኝ። «አንዲት ቃል እንዳትቀንስ፤ አውቶቡሱንም ከሰሉንም። የእሱን ስም ግን ከሥር፣ በትንሿ ፊደል አድርግልኝ።»

ደንቡም የሚለው እንደዚያው ነው፤ የምንጭ ቦታው ከሥር፣ ፊደሉም ደቃቃ። ከዚያ ኢንሳይክሎፒዲያ ሕጎች ሁሉ ያለ ክርክር የፈጸምኩት ይህንን ብቻ ነው።